ከጀልባው የወረደው ሰው

ቀለሜ ቂም መያዝ ታውቅበታለች። ይህን ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ኋላ ምስኪን ናት ብላችሁ አንጀታችሁ እንዳይላወስ። የአንዳንዱ ሰው ቂም ሁለት ቀን ጮሆ በሦስተኛው ቀን ይበርዳል። የእሷ ግን ድምፅ የለውም። ሥራዋን እየሠራች፣ ሻይዋን እየጠጣች፣ ለሁሉም «ደህና አደራችሁ» እያለች ውስጥ ውስጡን ይበስላል።

ቀለሜ ያሏት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። የልጆች መጽሐፍ የሚያሳትም ድርጅት ውስጥ፣ ሰዓሊዎቹ በጥቁር መስመር ስለው የሚያመጡትን ገጽ ኮምፒዩተር ላይ ቀለም የምትቀባው እሷ ናት። ተማሪ ሳለች እንኳን ቀለሜ ልትባል በስንት መከራ ነው ከክፍል ክፍል ያለፈችው፣ ስለዚህ ስሙ ሲወጣላት ከሁሉም በላይ የሳቀችው ራሷ ነበረች። ሥራዋ ላይ ግን ማንም አቃቂር አያወጣባትም። ለሰማይ ብቻ አሥራ አንድ ዓይነት ሰማያዊ አላት።

በድርጅቱ ውስጥ ስሙ የገነነ ሰዓሊ አለ። እርሳስ ከጆሮው ጀርባ ስለማይጠፋ አንባቢዎቹ ልጆች «ጋሽ እርሳስ» ይሉታል። ክብ መነጽር፣ አገጩ ላይ የፍየል ጺም፣ በበጋም በክረምትም ከአንገቱ የማይወርድ ቀይ ሻርፕ አለው። እውነቱ ይነገር ከተባለ ክፉ ሰው አልነበረም። ራሱን አብዝቶ የሚወድ ሰው ነበር እንጂ።

ከሁለት ዓመት በፊት ይኸው ጋሽ እርሳስ ወንበር ስቦ አጠገቧ ቁጭ አለ።

«ስለ ስደተኞች የሚያወራ የልጆች መጽሐፍ ልሠራ ነው፣ ታሪኩ በሙሉ በሥዕል የሚተረክ» አላት። «አንቺ በልጅነትሽ ድንበር አቋርጠሽ ነው የመጣሽው ሲሉ ሰማሁ። እስኪ አጫውቺኝ።»

በዚያ ቢሮ ውስጥ ይህን ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስለዚህ አጫወተችው። ጦርነቱ ሰፈራቸው ሲደርስ አራት ዓመቷ ነበር። እናትና አባቷ እሷን ይዘው ስድስት ቀን በእግራቸው ተጉዘው ከአንድ ሰፊ ወንዝ ዳር ደረሱ። ያለው አንድ የእንጨት ጀልባ ነው። ሰዉ ተጠቅጥቆ ከተሳፈረ በኋላ ባለጀልባው «አንድ ሰው በዝቷል፣ አንድ ሰው ካልወረደ አልቀዝፍም» አለ። ሁሉም አንገቱን ደፋ። አባቷ «በሚቀጥለው እመጣለሁ» ብሎ ወረደ። የሚቀጥለው የሚባል ጀልባ አልመጣም። ታሪኩ ይኸው ነው። ይህንንም የምታውቀው እናቷ ስለነገረቻት እንጂ እሷ ራሷ ምኑንም አታስታውሰውም።

የጋሽ እርሳስ ዓይን እንባ አቀረረ። ደብተሩን ሞልቶ ሲያበቃ «ፎቶ አለሽ?» አላት። «እንዲያው የዚያን ጊዜ ሰው ምን እንደሚመስል ለማየት ያህል።»

ፎቶ አንድ አለ። የአባቷ የመታወቂያ ፎቶ። እናቷ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የምታስቀምጠው፣ ጠዋት ጠዋት እያወጣች «እንደምን አደርክ» ትለዋለች። ያንን ፎቶ እንኳን ለባዳ ልታውስ ለገዛ ልጇም አታስነካም። ቀለሜ «ትልቅ አድርጌ ላሳጥብልሽ» ብላ ወሰደችው። አሳጥባዋለችም፣ ውሸቷ ግማሽ ነበር። በመሃሉ ግን ለሦስት ቀን ለጋሽ እርሳስ ሰጠችው፣ ለእናቷም ትንፍሽ አላለችም።

መጽሐፉ በዓመቱ በጥቁርና ነጭ ወጣ። ጋሽ እርሳስ ራሱ ይዞላት መጣ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ለብርቱዋ እህቴ፣ ያለ አንቺ ይህ መጽሐፍ አይኖርም ነበር» ብሎ ፈርሞበታል። ቀለሜ ደስ ብሏት ጠረጴዛዋ ላይ ከፈተችው።

ስደተኞቹ ሁሉ አንድ ናቸው። ፊታቸው በሙሉ ዓይን ነው፣ ሰፊ፣ እንባ ያዘለ ዓይን። አፍ የላቸውም ማለት ይቻላል፣ ቢከፍቱትም «እባካችሁ» ለማለት ነው። የሚቀልድ የለ፣ የሚጣላ የለ፣ «ጫማዬን ማን ወሰደብኝ» ብላ የምትጮህ አንዲት ሴት እንኳን የለች። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ያለማቋረጥ ይዘንባል። ቀለሜ ፈገግ አለች። እናቷ ያንን ስድስት ቀን ሙሉ ከጎረቤቷ ጋር በአንድ ድስት ምክንያት ስትነታረክ ነው የመጣችው። ቢሆንም ለልጆች ነው፣ ይሁን ብላ ቀጠለች።

ገጽ ሃያ ሁለት ላይ ጀልባው መጣ። ጀልባው ላይ ሰውን ድንበር የሚያሻግረው ደላላ ቆሟል። ይጮሃል፣ ያስፈራራል፣ የሰው ዕቃ ይቀማል፣ ገጹ ሲገለጥ ደግሞ አንዲትን እናት ከነልጇ ወደ ውሃው ይገፈትራል። ወፍራም ቅንድብ፣ ግጥም ያለ አፍ፣ አገጩ ላይ ጠባሳ። አባቷ ነው።

መጀመሪያ አልገባትም። ገጹን መልሳ አየችው። ከዚያ ነገር ዓለሙ ዞረባት። እስኪ አሁን መታወቂያ ፎቶ ላይ ወንጀለኛ የማይመስል ማን አለ? የእኔን ብታዩ ለፖሊስ ትሰጡኛላችሁ! ሰውዬው ግን ያንን የተኮሳተረ ፊት ሲያይ ጥሩ ክፉ ሰው አገኘሁ ብሎ ነው የተደሰተው። ሰው እንዲሻገር ብሎ የወረደውን፣ ሰው የሚወረውር አድርጎ ሳለው።

ቀለሜ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ክፍሉ ገባች። «ጋሼ፣ ይሄ አባቴ ነው!»

ጋሽ እርሳስ ቀና ብሎ አያት። «ፊቱን ብቻ እኮ ነው የወሰድኩት» አለ፣ ከጠረጴዛዋ ላይ ማስመሪያ የወሰደ ይመስል። «ታሪኩን አልነካሁትም። እንዴት ያለ ፊት መሰለሽ! ልጆቹ ገና ሲያዩት ይደነግጣሉ። ደግሞስ ማን ያውቀዋል?»

«እኔ አውቀዋለሁ! እናቴ ታውቀዋለች!»

«እናትሽ የልጆች መጽሐፍ ታነባለች እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ወደ አለቃዋ ሄደች። ሁሉም እትዬ የሚሏት፣ አፏ ማር የሆነ ሴትዮ ናት። «ውይ የኔ እናት፣ ይገባኛል» አለቻት እጇን ይዛ። «ግን አንዴ ታትሟል እኮ። ትምህርት ቤቶቹ ወስደውታል። አሁን ምን ይደረግ ትያለሽ?» ቀለሜ አመስግና ወጣች። ሥራውን ማጣት አትችልም፣ ቤት ውስጥ ሦስት ሴቶች ናቸው፣ እሷ፣ እናቷና የስምንት ዓመት ልጇ ሚጡ።

ሰንበትበት ብሎ ሚጡ ከትምህርት ቤት መጽሐፉን ተውሳ መጣች። ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ ስታገላብጥ ቆየችና «እማዬ፣ ይሄ ሌባ ሰውዬ አያቴ ጨርቅ ውስጥ የምታስቀምጠውን ሰውዬ አይመስልም?» አለች።

«አይመስልም!» ብላ ቀለሜ መጽሐፉን ቀማቻት።

እናቷ እዚያው ክፍል ውስጥ ልብስ እያጠፈች ነበር። ደግነቱ ጆሮዋን ወደ ሬዲዮኑ ሰጥታ አልሰማችም። ቀለሜ ግን መጽሐፉን ከፍራሹ ሥር ሸጎጠችው። እናቷ ሚጡን ለመቀበል በየቀኑ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ዛሬ ባታየው ነገ ታየዋለች። ዓይኗ ቢደክምም የባሏን ፊት አትስትም። ያየችው ዕለት ደግሞ ያንን ፎቶ ከቁም ሣጥን ማን እንዳወጣው ትጠይቃለች። ያን ቀን ቀለሜ እናት የለኝም ብላ ብታለቅስ ይሻላታል። አባቷን ከዚያ መጽሐፍ ውስጥ ማውጣት አለባት። ያስገባውንም ሰውዬ ዋጋውን ታሳየዋለች።

እንግዲህ ቂሙ የተቋጠረው ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ጋሽ እርሳስን ባየችው ቁጥር «ደህና አደሩ ጋሼ» ትለዋለች፣ እሱም ረስታዋለች ብሎ ትከሻዋን መታ መታ ያደርጋታል። ትከሻዋን ሲመታ በልቧ ትረግመዋለች፣ ጥርሷ ግን ፈገግ ይላል።

መጽሐፉ ተወደደና በቀለም እንዲታተም ተወሰነ። ትምህርት ቤቶቹም የድሮውን መልሰው አዲሱን ሊወስዱ ነው። እትዬ ሥራውን ለቀለሜ ሰጠቻት። «ከአንቺ የተሻለ ማን ይቀባዋል፣ የራስሽ ታሪክ አይደል?» ስትላት እንደ ካሣ መሆኑ ነው። ቀለሜ «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አለች።

ከገጾቹ ጋር የጋሽ እርሳስ ማሳሰቢያ መጣ። «ከወንዙ ወዲያ ማዶ ያለው ሁሉ ግራጫ ይሁን። ቀለም የሚገባው ከተሻገሩ በኋላ ብቻ ነው። ተስፋን ያሳያል» ይላል። ቀለሜ አንብባ ብቻዋን ሳቀች። ወዲያ ማዶ ቲማቲም ግራጫ ነበር እንዴ? እናቷ እንደምትለው በራቸው አረንጓዴ ነበር፣ ቀሚሷ ቢጫ ነበር፣ እነሱ ቤት ሰማዩም እንደ ማንም አገር ሰማይ ሰማያዊ ነበር። ቢሆንም እንደታዘዘችው ግራጫ አደረገችው። ሌላ ሐሳብ ነበራት።

ደላላው አሥራ አራት ቦታ ላይ አለ። በመጀመሪያው ላይ ገጹን አጎልታ ከአባቷ ፊት ጋር ተፋጠጠች። ቅንድቡን አቀጠነች። ጠባሳውን አጠፋች። የአፉን መስመር ፋቀች። «ና ውጣ አባዬ» ትላለች በየመስመሩ። ፊቱ ባዶ ሲሆን ደግሞ «ግባ እንግዲህ አንተ» ብላ ክብ መነጽር አጠለቀችለት፣ የፍየል ጺም አበቀለችለት፣ ከጆሮው ጀርባ እርሳስ ሰካችለት። አፍንጫው ላይ ሁለት ሰዓት ፈጀች። ሻርፑን ቀይ ቀባችው፣ ከግራጫው መሃል ከሩቅ ይጣራል። በሕይወቷ እንዲህ ተደስታ ሠርታ አታውቅም። በአምስተኛው ቀን አሥራ አራቱም ጋሽ እርሳሶች ጀልባው ላይ ቆመው እናትና ልጅ እየገፈተሩ ነበር።

የድርጅቱ ደንብ ሰዓሊው ሳያይ ማንኛውም ገጽ ማተሚያ ቤት አይገባም ይላል። ደንቡ ደንብ ነው፣ ጋሽ እርሳስ ግን ሲያይ ምን እንደሚያይ ቀለሜ ስድስት ዓመት ሙሉ አጥንታዋለች። በስልኩ ሽፋኑን ይከፍታል፣ የስሙን ፊደል መጠን ያያል፣ በቃ። የውስጡን እኔው የሳልኩት አይደል ይላል። ያም ሆኖ ልካለት መልሱ እስኪመጣ ድረስ ሁለት ቀን ስልኳን ከእጇ አልለየችም። መልሱ መጣ። «ግሩም ነው፣ ቀጥሉ። ስሜ ትንሽ ቢተልቅ።»

ስሙን አተለቀችለት።

አዲሱ መጽሐፍ የተመረቀው ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ነው። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ፣ ወላጆች ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ በብዙዎቹ ልጆች እጅ አዲሱ መጽሐፍ አለ። ፊት ለፊት ትልልቅ ነጭ ወረቀት የተሰካበት ሰሌዳ ቆሟል፣ ጋሽ እርሳስ ሁልጊዜ ካነበበ በኋላ ልጆቹ የጠየቁትን በወፍራም ማርከር ይስልላቸዋል። ሚጡ «አያቴም ካልመጣች» ብላ አያቷን ጎትታ አምጥታለች። ቀለሜ አልከለከለቻትም። አባቷ ከመጽሐፉ ወጥቷል፣ ምን የሚያስፈራት ነገር አለ? እንዲያውም እናቷ አጠገብ ቁጭ ብላ የሰውዬውን ውርደት ማየቱ ደስ አላት።

ጋሽ እርሳስ ድምፁን እየቀያየረ ያነባል። ልጆቹ እየተከተሉ ይገልጣሉ። ገጽ ሃያ ሁለት ላይ ሲደርሱ የፊት ጥርሱ የወለቀ አንድ ልጅ ዘሎ ተነሳ።

«ጋሽ እርሳስ! ደላላው አንተ ነህ እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልጆቹ አንዱ ለሌላው እያሳየ «አዎ እሱ ነው! ሻርፑን እየው! እናትየዋን ገፈተራት!» ይላሉ። ጋሽ እርሳስ መጽሐፉን አየ። ገለጠ። ደግሞ ገለጠ። ፊቱ አመድ መሰለ። አቤት ያቺ ደቂቃ! ቀና ብሎ በሰዉ መሃል ሲፈልጋት ቀለሜ ዓይኗን አልሰበረችም። እግሯን አነባብራ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «ደህና አደሩ ጋሼ» በምትልበት ፈገግታ አየችው።

ሰውዬው ግን ዝም ብሎ ሰውዬ አይደለም። ትንፋሹን ሰበሰበ፣ መነጽሩን አስተካከለ፣ ቀስ ብሎም ፈገግ አለ።

«ጎበዝ!» አለ ልጁን። «ማን ያገኘው ይሆን እያልኩ ስጠብቅ ነበር። አዎ፣ ራሴን ነው የሳልኩት። ለምን መሰላችሁ? ስደተኛን የምንገፋው እኛው ስለሆንን ነው። በእያንዳንዳችን ውስጥ አንድ ደላላ አለ። እኔ ደግሞ ከራሴ ጀመርኩ።»

ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። እትዬ መሀረቧን አወጣች። ጥግ ላይ አንድ ጋዜጠኛ ጎንበስ ብሎ ይጽፋል። እናቷ ሳትቀር፣ ሰው ሲያጨበጭብ አይታ አጨበጨበች። ቀለሜ እርር ድብን አለች። በቀሏንም ሰረቃት! አባቷን መውሰዱ አልበቃው ብሎ ቂሟን ወስዶ ተሞገሰበት። ይሄ ሰውዬ ነጥቀውት እንኳን ይከብራል እንዴ? ክንዶቿን ደረቷ ላይ አጥብቃ ስታጣምር እናቷ አይታ «በረደሽ?» አለቻት።

ጭብጨባው ሲረግብ ከምንጣፉ ላይ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። የያዘችው መጽሐፍ የድሮው፣ ጥቁርና ነጩ ነው።

«የእኔኛው ላይ ግን ሌላ ሰውዬ ነው ያለው» አለች ገልጣ እያሳየች። «እሱስ ማነው?»

«እሱ?» አለ ጋሽ እርሳስ እጁን ወርወር አድርጎ። «እሱ ማንም አይደለም። ዝም ብዬ ከጭንቅላቴ የፈጠርኩት ነው።»

ማንም አይደለም።

ቀለሜ እናቷን አየቻት። እናቷ ከተቀመጠችበት ሆና የልጅቷን መጽሐፍ ማየት አትችልም። ቀለሜ ዝም ካለች ሁሉም ነገር በሰላም ያልቃል፣ የድሮው መጽሐፍ ይሰበሰባል፣ ፎቶውም ወደ ጨርቁ እንደተመለሰ ይቀራል፣ እናትና ልጅ ተያይዘው ወደ ቤት ይሄዳሉ። አባቷ ብቻ ማንም አይደለም ተብሎ ይቀራል። ከመቀመጫዋ መቼ እንደተነሳች አላወቀችውም።

«አባቴ ነው!» አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «አባቴ ነው እንጂ ማንም አይደለም ማለት ምንድነው? ፎቶውን የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ከእናቴ ዋሽቼ ወስጄ የሰጠሁህ እኔ ነኝ! ሰው አልገፈተረም። ጀልባው ከበደ ሲባል ሁሉም ሲያቀረቅር የወረደው እሱ ነው። ዛሬ ያንተን ፊት እዚያ ላይ ያደረግኩትም እኔ ነኝ፣ በእነዚህ እጆቼ! ከጭንቅላትህ የወጣ ምን ነገር አለ? ንገረኛ!»

እርስዎ ማለቱን ከነመፈጠሩ ረስታው ነበር። እትዬ ከፊት ወንበር ዞር ብላ «ቀለሜ፣ የኔ እናት፣ ልጆች አሉ እኮ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። ማንም አልሰማትም። ሰዉ ሁሉ የሚያየው እናትዬዋን ነው፣ ምክንያቱም እናትዬዋ ተነስታለች።

በልጆቹ መሃል እየተጠነቀቀች፣ አንዱን «እግርህን ሰብሰብ» ሌላውን «አይዞህ አልረግጥህም» እያለች ልጅቷ ጋ ደረሰች። መጽሐፉን ተቀበለች። አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አየችው። ገጹን ገለጠች፣ ባሏ እናትና ልጅ ሲገፈትር አየች። ረጅም ጊዜ አየች።

እናትዬዋ ዞረች። «ላሳጥብልሽ ብለሽ የወሰድሽው ጊዜ ነው?»

«አዎ እማዬ።»

«ቤት እንነጋገራለን።»

ይህን የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ከእናቱ አፍ የሰማ ሁሉ ትርጉሙን ያውቀዋል፣ ምንጣፉ ላይ ያሉት ልጆች እንኳን ለቀለሜ አዘኑላት። እናትዬዋ ግን ወደ ሰሌዳው ቀጥላ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ መሳል ትችላለህ አይደል?»

«እማማ፣ በእውነቱ ይቅርታ፣ እኔ ሐሳቤ...»

«ይቅርታ አልጠየቅኩህም። መሳል ትችላለህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«እችላለሁ።»

«በል ሳለው። እነዚህ ልጆች እያዩ፣ ከጀልባው ሲወርድ ሳለው።»

ጋሽ እርሳስ ጋዜጠኛውን አየ፣ እትዬን አየ፣ የሚያድነው አጣ። ማርከሩን አንስቶ ጀመረ። እጁ ፈጣን ነው፣ ጀልባው ወዲያው ወጣ፣ ወንዙ ወጣ፣ ከላይ የዝናቡን መስመር ጫር ጫር ሲያደርግ እናትዬዋ አስቆመችው።

«ዝናብ አልነበረም። ፀሐይ ናላ ያዞር ነበር። ቅደደው።»

ቀደደው። በሁለተኛው ወረቀት ላይ ደረቱን የነፋ ረጅም ሰው ውሃው ውስጥ ቆመ። «ባሌ አጭር ነበር። እኔ ነበርኩ ረጅሟ፣ በዚያም ይበሽቅ ነበር። ቅደድ።» በሦስተኛው ላይ ጀልባው ጫፍ የተቀመጠች ሴት ወጣች፣ ፊቷ በሙሉ ዓይን፣ እንባዋ ዱብ ዱብ የሚል።

«ይቺ ማናት?»

«እርስዎ ነዎት እማማ።»

«እኔ መቼ አለቀስኩ? እሰድበው ነበር እንጂ! ‹አትውረድ አንተ ደንቆሮ፣ ሌላ ሰው ይውረድ› እያልኩ ስሰድበው ነበር። አፌን ክፈተው። ሰፋ አድርገህ ክፈተው!»

ልጆቹ በሳቅ ተንከባለሉ። ጥርሱ የወለቀው «ቅደድ!» ሲል ሌሎቹም ተቀበሉት፣ አዳራሹ «ቅደድ! ቅደድ!» በሚል ጩኸት ተሞላ። አራተኛው ተቀደደ፣ ጀልባው ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ፊት ስለነበራቸው። «ይሄኛው ሰውዬ ወፍራም ነበር። ያቺ ሴት ድስት ይዛለች፣ ድስቱ የእኔ ነው። ያ ወጣት ደግሞ ቀና ብሎ ማየት አፍሮ ጥፍሩን ይበላል።» አምስተኛውም ስድስተኛውም ተቀደዱ። ጋሽ እርሳስ የግንባሩን ላብ ጠረገ። ሻርፑን ፈትቶ ወለሉ ላይ ጣለው፣ ያለ ሻርፕ ሲያዩት አንገቱ ቀጭን ነበር። ጋዜጠኛው አሁንም ይጽፋል። የቀለሜ አንጀት ቅቤ ጠጣ። እሰይ! በአምስት ቀን የሠራችውን በቀል በአንድ ፈገግታ የሰረቃት ሰውዬ፣ ከእናቷ ፊት አንዲት መስመር እንኳን መስረቅ አልቻለም።

ሰባተኛው ወረቀት ላይ እናትዬዋ ተጠግታ ሰዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ቆጠረች። ጀልባው ልክ ነው። ፀሐዩ ልክ ነው። ሰዎቹ እያንዳንዳቸው ሰው ሆነዋል። አጭሩ ሰውዬ ውሃው ወገቡ ድረስ ደርሶ ወደ ጀልባው ዞሯል።

«ፊቱ አይደለም» አለች በመጨረሻ። «ይሄ የመታወቂያው ነው። ሲወርድ እየሳቀ ነበር። እኔ እንዳልፈራ ብሎ ይስቅ ነበር።»

«እሺ እማማ። እንዴት ነበር የሚስቀው?» አለ ጋሽ እርሳስ። ድምፁ ውስጥ ያ ሁሉ ጌጥ አልነበረም፣ ማወቅ የፈለገ ሰው ድምፅ ነው። «ጥርሱ ይታያል? ዓይኑስ? ጠበብ ይላል?»

እናትዬዋ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ከዚያ መልሳ ገጠመችው። ጣቷን ጉንጯ ላይ አድርጋ ቆየች፣ ወደ ዓይኗ ጥግ ወሰደችው፣ ወደ ከንፈሯ መለሰችው፣ አንድም ቦታ ላይ አልቆም አላት። ሠላሳ ዓመት በየጠዋቱ ያንኑ አንድ ፎቶ ስታይ፣ ሌላው ፊቱ ሁሉ ከእጇ አምልጧል። ወደ ልጇ ዞረች።

«እንዴት ነበር?» አለቻት። «ሲስቅ እንዴት ነበር?»

«አላውቅም እማዬ።» ቀለሜ እንባዋ መጣ። «እኔ እኮ አላውቅም።»

ጋሽ እርሳስ ሴትዮዋን ማየት አቅቶት ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ፣ ቀስ ብሎም የማርከሩን ክዳን መፈለግ ጀመረ።

«የት ልትሄድ ነው?» አለችው እናትዬዋ። ባዶ ወንበር ስባ ሰሌዳው ፊት ለፊት አኖረች፣ ሌላ ስባ ለራሷ አጠገቡ አስቀመጠች። «ተቀመጥ። እስካስታውስ ድረስ ከዚህ አትነሳም።»

ጋሽ እርሳስ ማርከሩን እንደያዘ ተቀመጠ። እሷም ተቀመጠች። ከልጆቹ አንድም የተነሳ አልነበረም።